እሱንስ ማን ጠየቀው?

ውድ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ስሜንም ወረዳዬንም እንዳታወጡብኝ አደራ፣ እዚህ አገር ነርሷ ከታወቀች ታካሚዋም ማን እንደሆነች ለማወቅ ግማሽ ቀን አይፈጅም። የምፅፈውም ያንዲት ሴት ታሪክ አይደለም፣ ብዙ አመት ካየሁት ውስጥ ማንም ራሱን እንዳያገኝበት አድርጌ ነው።

ባለፈው አንድ አንባቢያችሁ የባልና የሚስት ነገር ገመና ነው፣ ጋዜጣ ላይ አይወጣም፣ ድሮ በሽማግሌ ያልቅ ነበር አሁን ግን ሴቱ ሁሉ ሕግ አለልኝ እያለ ትዳር እየፈረሰ ነው ብለው የፃፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። እድሜያቸው የገፋ አባት ይመስሉኛል፣ አክብሬያቸው ነው ምመልሰው፣ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም ምክንያቱም እሳቸው ገመና ያሉት ነገር እኔ ጋ በባጃጅ ተጭኖ ነው ሚመጣው፣ በጋሪ ነው ሚመጣው፣ ከገደል ስር ከሆነች ደግሞ በሰው ሸክም ቃሬዛ ላይ ሆና ነው ምትመጣው። ገመና ተብሎ የተሸፈነውን እኮ ገልጠን ቁስሉን ምናጥበው እኛ ነን።

ሲመጡ ሚሉት ነገር ያው ነው። ወደቅኩ። ላም ረገጠችኝ። እንጨት ስፈልጥ ፍላጩ አይኔን መታኝ። ባልየው ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል፣ አልጋው አጠገብ ይቆማል፣ እሷን ስጠይቃት እሱ ይመልስልኛል። እኔ ግን አዳልጧት የወደቀች ሰው እንዴት እንደምትሰበር አውቃለሁ፣ መዳፏን ዘርግታ ነው መሬቱን ምትይዘው ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሚሰበረው አንጓዋ አካባቢ ነው። ክንዷ መሃል ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው አጥንት ብቻውን ተሰብሮ ስትመጣ ግን ያ እጅ ፊቷን ሊከላከል ወደ ላይ ተነስቶ እንደነበር እጠረጥራለሁ፣ ዱላውም እዛው ላይ ነው ያረፈው። የግራ ጆሮዋ ታምቡር ተቀዶ ስትመጣ ከፊቷ የቆመ ሰው በቀኝ እጁ በጥፊ እንዳጮላት ነው የማስበው። ጉንፋን ሳይዛት ድምፅዋ የጎረነነ፣ ምራቅ ስትውጥ ሚያማት፣ የአይኗ ነጩ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለባት ሴት ደግሞ ታንቃ ሊሆን ይችላል፣ አንገቷ ላይ ምንም ምልክት ባይኖር እንኳን። በጣም ሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ባሏ አንዴ አንቋት የተረፈች ሴት ኋላ ላይ በዛው ሰው እጅ የመገደል እድሏ ካልታነቀችው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ በጥናት የታወቀ ነገር ነው፣ እኛ ሰፈር ግን ደም ስላልወጣት ምንም እንዳልሆነች ነው ሚቆጠረው፣ ሻይ ጠጥታ ትመለሳለች።

እንግዲህ እውነቱን የተናገረች ቀን ምን እንደምትጠየቅ ልንገራችሁ። ምን አድርገሽው ነው? እናቷ ትጠይቃታለች፣ ጎረቤት ይጠይቃታል፣ ሽማግሌ ይጠይቃታል፣ አንዳንዴ ተረኛ ፖሊሱ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠይቃታል፣ ነጭ ጋዋን ከለበስነውም ውስጥ ሚጠይቃት አለ። ምን አድርገሽው ነው፣ አመልሽን አታውቂም ወይ፣ ሲመጣ ለምን ዝም አላልሽም፣ ለምን እስከዛሬ ቆየሽ፣ አሁን ደሞ ለምን መጣሽ። እሱንስ ማን ጠየቀው? በሩን አንኳኩቶ አንተ ለምን መታሃት፣ በምን መታሃት፣ ስንት ጊዜ መታሃት፣ ልጆቹ የት ነበሩ ያለው ማነው? በአባቶቻችን ጊዜ በግ ሲሰረቅ አገሩ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፣ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ሰው ወደ ስራው አይሄድም፣ ያየም የሰማም እየተነሳ ይናገራል። የበጉን ባለቤት ግን ምን አድርገህ ነው የተሰረቅከው ያለው የለም። ለበግ የነበረን ወኔ ለሰው ሲሆን የት እንደሚሄድ አላውቅም፣ ጩኸቱን እኮ ሁሉም ሰምቷል፣ ግድግዳው ጭቃ ነው።

ከዛ ሚመጣው መልስ ደግሞ ሲጠጣ ነው እንጂ ሲጠራማ እንደሱ ያለ ሰው የለም ሚለው ነው። የኛ አካባቢ በአረቄ ስሙ የታወቀ ነው፣ አረቄውን ደግሞ ብዙ ጊዜ ያወጣችው ሴት ናት፣ ጌሾ ወቅጣ ጭስ አይኗን አጥፍቶት ልጅ ምታስተምርበትን ብር የምታገኘው ከሱ ነው። ግን አስቡት እስቲ፣ ይሄ ሰውዬ ሲሰክር ያጠጣውን የመጠጥ ቤት ባለቤት አይመታም፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሚሊሻ አይመታም፣ ከሱ ጋር ሚጠጣውን ጉልበተኛ ጓደኛውን አይመታም። ያን ሁሉ ሰው በሰላም አልፎ፣ ቤቱን ሳይስት ደርሶ፣ በሩን ዘግቶ ነው አንድ ሰው ለይቶ ሚመታው፣ ብዙዎቹ ደግሞ ቀሚስና ነጠላ ሚሸፍነው ቦታ ላይ ነው ሚመቱት። ይሄ ራሱን ያላወቀ ሰው ስራ አይመስለኝም። አረቄው አይጎዳም ማለቴ አይደለም፣ ነገሩን ያባብሰዋል፣ ግን ተጠያቂው ጠርሙሱ አይደለም።

ብቻችንን ያለን እንዳይመስላችሁ፣ ያገር ነገር ነው። በ2008 ዓ.ም. በተሰራው የስነ ሕዝብና ጤና ጥናት አግብተው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 49 አመት ካሉ ሴቶች ውስጥ ከ100ው 34ቱ ባል ወይም የትዳር አጋር ደብድቧቸዋል፣ አስገድዷቸዋል ወይም በንግግርና በማስፈራራት ጎድቷቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ውስጥ ደግሞ ከ100ው 66ቱ ለማንም ተናግረው እርዳታም ጠይቀው አያውቁም። ለማንም። ስለዚህ ሴቱ ሁሉ ሕግ አለልኝ እያለ ነው ላሉት አባት መልሴ ይሄ ነው፣ ከሶስቱ ሁለቷ ለእህቷ እንኳን አልተናገረችም። እኛ ጋ ሚመጡትም አጥንት ስለተሰበረ ነው እንጂ አይመጡም ነበር።

እዛው ጥናት ላይ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ወጥ ካሳረረች፣ ከተከራከረችው፣ ልጆቹን ችላ ካለች፣ ሳትነግረው ከወጣች ወይም አልተኛም ካለች ባል ቢመታት ትክክል ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት አዎ ያሉት ሴቶች ከ100ው 63 ናቸው፣ ወንዶቹ 28። ሴቶቹ ከወንዶቹ በእጥፍ በላይ! እኔ ይሄን ሳይ ሴት ለሴት ጠላት ናት ምናምን ሚባለውን አይደለም ያሰብኩት፣ የራሷ እናት ተመትታ ያየች፣ እሷም የተመታች፣ ልጇም ስትመታ ቻይው እኔም ችዬ ነው ያሳደግኩሽ ከማለት ሌላ መንገድ ያላየች ሴት ናት የመለሰችው። አያቴም እንደዛ ነበረች። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፣ ልጇን ወደ ቤቷ ብትመልስ ማደሪያ ያለው እዛ ብቻ ስለመሰላት ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ በ1992 ሲጠየቁ አዎ ያሉት ሴቶች ከ100ው 85 ነበሩ፣ ስለዚህ ሚቀየር ነገር ነው።

ሕጉ ምን ይላል ለሚሉኝ፣ እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም ግን በስራዬ ምክንያት ፍርድ ቤት ለምስክርነት ስጠራ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ከግንቦት 1997 ጀምሮ እየተሰራበት ያለው የወንጀል ሕግ አንቀፅ 564 ላይ በትዳር ጓደኛ ወይም ሳይጋቡ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ ሚፈፀም ጥቃት እንደማንኛውም የአካል ጉዳት ወንጀል እንደሚያስቀጣ በግልፅ ተቀምጧል፣ አእምሮን መጉዳትም ጭምር። ከባድ ጉዳት ከሆነ እስከ 15 አመት ፅኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። ችግሩ ከዛ በታች ያለው ነው። ቀላል ጉዳት ሲሆን ክሱ ሚንቀሳቀሰው እሷ ራሷ አቤቱታ ካቀረበች ነው፣ ተራ መቧጨርና ማበጥ ደግሞ ጭራሽ የአካል ጉዳት አይባልም፣ የእጅ እልፊት ነው ሚባለው፣ ቅጣቱም ትንሽ ነው። ስለዚህ ፊቷ በየወሩ ሚያብጥ ሴት በወረቀት ላይ በየወሩ አንድ አዲስ ትንሽ ነገር ነው የደረሰባት፣ ተደምሮ ሲታይላት እኔ አላየሁም። እኔ ግን ካርዷን ስገልጠው ተደምሮ ይታየኛል።

አሁን በደንብ አንብቡልኝ ምክንያቱም ብዙ ሰው አያውቀውም። በአቤቱታ ብቻ ሚያስከስስ ወንጀል ከሆነ አቤቱታው መቅረብ ያለበት በ3 ወር ውስጥ ነው። በ3 ወር ውስጥ! እንግዲህ የኛን አገር ሽምግልና አካሄድ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ይረፍ ይባላል፣ ከዛ ፆሙ ይውጣ ይባላል፣ ከዛ አዝመራው ይሰብሰብ፣ ከዛ አንዱ ሽማግሌ ለቅሶ ሄዷል፣ ከዛ ወንድሙ ከአዲስ አበባ ይምጣ። በመጨረሻ ሁሉም ተሰብስቦ እሱ ጫማዋን ይስማል፣ በግ ይታረዳል፣ ተመርቆ ይበተናል። እሷ እምቢ ብትል እልኸኛ ተባለች፣ ሽማግሌ ረገጠች ተባለች። እርቁ በ3 ወሩ ሲፈርስና ስትመለስ ደግሞ የድሮው አለቀ፣ አዲስ ነገር ካለሽ አምጪ ትባላለች።

አባቶቼ፣ ሽማግሌዎች፣ እናንተን ነው አሁን ማናግረው። ደም ያደረቃችሁ፣ ስንት ቤተሰብ ከመጠፋፋት ያዳናችሁ ሰዎች ናችሁ፣ ሽምግልና ይቅር ሚል ሰው እኔ አይደለሁም። ለማስታረቅ ግን የግድ ክሷን ማስነሳት አለባችሁ ወይ? አስታርቁ፣ መርቁ፣ ክሱ ግን በራሱ መንገድ ይሂድ። ሰው ገድሎ ታርቋል ተብሎ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ አይቀርም፣ እርቁ ደም መላሽን ያስቀራል እንጂ ዳኛን አያስቀርም፣ የእጇ አጥንትስ? ሌላም ልለምናችሁ፣ ስትቀመጡ ሁለቱንም አጥፊ አድርጋችሁ አንተም ተው አንቺም ተይ አትበሉ። አንዷ ምላሷን ነው የተጠቀመችው ሌላው ፍልጥ። መጀመሪያ እሱ ይናገር፣ ያደረገውን በአፉ ይናገር፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ሚለውን ትታችሁ እኔ ነኝ ያደረግኩት እስኪል ጠብቁት። ከበጉ በኋላ ባለው ወርም ሂዱ ቤቱን ጎብኙ። ሽማግሌ ለዳግም ጥየቃ ሲመጣ አይቼ አላውቅም።

ለንስሐ አባቶችም፣ ለሸህ አባቶችም ይሄንኑ ነው ምለው። ቆላ ወርዳችሁ ሸዋሮቢትና ይፋት በኩል ብትሄዱም፣ ደጋ ወጥታችሁ መንዝ ብትሄዱም ለሴቷ መጀመሪያ ሚነገራት ቃል ታገሽ ነው። እሱንም በግል ጠርታችሁ ይሄ ኃጢአት ነው፣ እስክትተው ድረስ እከታተልሃለሁ በሉት፣ እሱ እናንተን ይፈራል፣ እኔን አይፈራኝም።

እሷን እንመናት ነው ምለው፣ ምን ማለቴ እንደሆነም ልናገር ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ሰው ሚቆጣው። ሰውየው ሳይጠየቅ ይታሰር አላልኩም። ሕገ መንግስቱ ማንም በፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንፁህ ይቆጠራል ይላል፣ ጥሩ ነው፣ ይከበር። እሱ ዳኛ አለው፣ ይግባኝ አለው፣ ጠበቃ ማቆም ይችላል፣ ሲዋሽበት መከራከር ይችላል። እሷ ምትለምነው ቃሏ እንዲፃፍ ብቻ ነው። ስትመጣ ቁጭ በይ ውሃ ጠጪ ተብላ፣ እሱ በሌለበት ክፍል፣ የነገረችው እንደነገረችው እንዲፃፍ፣ ቁስሏ እንዲለካ፣ ቀኑ እንዲሰፍር፣ ፖሊሱ ሂጂና ሽማግሌ ይዘሽ ነይ ሳይላት መዝገብ እንዲከፍት። ማመን ማለት ይሄ ነው፣ ብዙ አይደለም። ዋሽታ ከሆነ ምርመራው ያወጣዋል፣ በር ላይ ከተመለሰች ግን ምንም ነገር አይወጣም።

ደግሞ ታሪኳ ተዘበራረቀ፣ ትናንት ማክሰኞ አለች ዛሬ ረቡዕ አለች እየተባለ ውሸታም ትባላለች። ጭንቅላቷ ከግድግዳ ጋር የተጋጨ ሰው፣ ሌሊቱን ልጅ ይዛ ጓሮ ያደረች ሰው ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆጥራ አትነግርህም፣ የቀበቶውን ዘለበት ቀለም ታስታውስና ቀኑን ትረሳዋለች። የመኪና አደጋ የደረሰባቸውን ሰዎችም እኮ እናክማለን፣ እነሱም እንደዛው ናቸው፣ አንድ ሰው ተነስቶ መኪናው አልተገለበጠም ሲላቸው ግን አልሰማሁም።

ታዲያ ለምን ተመልሳ ገባች ይባላል። የት ትግባ? መሬቱ ላይ ናት ሕይወቷ። በክልላችን የመሬት ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አብሮ ነው ያለው፣ በትዳር የፈራ ንብረትም ሲፋቱ እኩል ነው ሚካፈለው፣ ግን ደብተሩ ያለው በሱ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉም እሱ ኪስ። ልጆቹን ይዛ ትውጣ ቢባል ከተማ የቤት ኪራይ በማን ብር? ደብረ ብርሃን ከተማ ራሱ ከወለጋ በተፈናቀለ ወገናችን ሞልቶ ስንት እናት በመጠለያ ልጅ እያሳደገች ነው፣ እዛም ውስጥ ምትደበደብ አለች፣ ለሷ ደግሞ ወዴት ትሂድ ሚባል ነገር የለም፣ ከሄደችበት ነው ያለችው። ሌላው ሰው ሚረሳው ነገር ደግሞ በጣም አደገኛው ጊዜ ለመሄድ የተነሳችበት ጊዜ ነው። ጥናቶችም ይሄንኑ ነው ሚሉት። ሻንጣዋን ሲያይ ነው ሚገድላት። ስለዚህ ዝም ብላ ትውጣ ሚል ምክር አልመክርም፣ መውጣቷ መታቀድ አለበት፣ ማን ጋ እንደምታድር ሳይታወቅ አትውጣ።

ኡጋንዳ በ2010 ኬንያ ደግሞ በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለቤት ውስጥ ጥቃት ብቻ የተለየ ሕግ አውጥተዋል፣ ዳኛው እሱን ከቤት ውጣ፣ አጠገቧ እንዳትደርስ ብሎ ትእዛዝ መስጠት ይችላል። እኛ ጋ እንደዚህ ያለ ለብቻው የወጣ ሕግ የለም። በቤተሰብ ሕጉ ፍቺ ስትጠይቅ ፍርድ ቤቱ ማን ከቤት ይውጣ ሚለውን የልጆቹን ጥቅም አይቶ መወሰን ይችላል፣ ግን ለዛ መጀመሪያ ፍቺ መጠየቅ አለባት። ያልተፋታችዋስ? አንድ ነገር ልጨምር፣ ለመፃፍ የሚከብድ ነው ግን ልፃፈው፣ የወንጀል ሕጉ አንቀፅ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም ከጋብቻ ውጭ ነው ሚለው። ስለዚህ በወለደች በሳምንቷ ባሏ አስገድዷት ስፌቷ ተፈቶ ምትመጣ አራስ፣ እኔ እሰፋታለሁ፣ በሕጉ ግን አልተደፈረችም። ይሄ አንቀፅ መቀየር አለበት።

አይቀየርም እንዳትሉኝ። በድሮው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጠለፈ ሰው የጠለፋትን ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር፣ ጠለፋም ባህላችን ነው ተብሎ ሚከራከር ትልቅ ሰው ሞልቶ ነበር። አበራሽ በቀለ አርሲ ውስጥ በ14 አመቷ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ገድላ ስትከሰስ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ጠበቃ ቆመላት፣ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ ነፃ አወጣት። ዛሬ አንቀፅ 587 ላይ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 አመት ፅኑ እስራት ነው፣ ቢያገባትም አይቀርለትም። ባህል ነው ያሉት ሰዎች ዛሬ የራሳቸውን የልጅ ልጅ ቢጠልፉባቸው ፖሊስ ነው ሚጠሩት።

አሁን ደግሞ ይሄን ለምታነብ ወይም ለሚነበብልሽ እህቴ። ዛሬ መክሰስ ባትፈልጊም ጤና ጣቢያ ነይ፣ ለነርሷ እውነቱን ንገሪያት፣ እሱ ይውጣ በይ፣ ካልደፈርሽ ሽንት ላስመርምር ብለሽ ብቻሽን ግቢ። ካርድሽ ላይ ይፃፋል፣ ቀኑም ይቀመጣል፣ ኋላ ላይ ብትወስኚ ያ ፅሁፍ ያገለግልሻል፣ በአቤቱታ ብቻ ለሚያስከስሰው ግን 3 ወሩን አትርሺ። ልብስሽ ላይ ደም ካለ አትጠቢው፣ በወረቀት ጠቅልለሽ አስቀምጪው፣ በፌስታል ካደረግሽው ይሻግታል። ስልክ ያላት ጎረቤት ካለች ፎቶ ታንሳሽ፣ አንቺ ስልክ ላይ ግን አይቀመጥ እሱ ያየዋል፣ እህትሽ ጋ ላኪውና ካንቺ ላይ አጥፊው። ተደፍረሽ ከሆነ ማንም ይሁን ማን በ72 ሰዓት ውስጥ ድረሺ፣ ኤችአይቪ እንዳይዝሽ ሚሰጠው መድኃኒት ከዛ በኋላ አይሰጥም፣ ቶሎ ከጀመርሽው ይበልጥ ይሰራል፣ የእርግዝና መከላከያው ደግሞ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፣ እሱም ቶሎ ሲወሰድ ነው ይበልጥ ሚሰራው። አንገትሽን አንቆሽ ከሆነ ደግሞ ምልክት የለኝም ብለሽ እንዳትቀሪ፣ በማግስቱም ሊብስ ይችላል።

አዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታል ሐኪሙም ፖሊሱም አቃቤ ሕጉም አንድ ቦታ ሚገኝበት ማዕከል አለ፣ ሴትየዋ አንዴ ተናግራ ይጨርሱላታል። የኛዋ ሴት መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ የምርመራ ደብዳቤ ታመጣለች፣ እኛ ጋ ትታያለች፣ ከኛ አቅም በላይ ከሆነ ሆስፒታል እንልካታለን፣ ወረቀቱን ይዛ ተመልሳ ፖሊስ ጋ፣ ከዛ አቃቤ ሕግ። በየደረጃው እንደ አዲስ ትናገራለች፣ በየደረጃው ምን አድርገሽው ነው ትባላለች። ከሞላሌ ወይም ከማህል ሜዳ ገጠር ተነስታ ደብረ ብርሃን ድረስ ሂጂ ምትባል ሴት ትራንስፖርቱን ከየት ታምጣው፣ ባለፉት አመታት በክልላችን ባለው ግጭት ደግሞ መንገዱ ይዘጋል፣ ቀበሌው ላይ ፖሊስ ሚባል ነገር ያልነበረበት ጊዜ አለ። ቤቱ ውስጥ ያለው ጦርነት ግን ለዛ ብሎ አልቆመም። የዞኑ የፍትህና የሴቶች ጉዳይ ኃላፊዎች ይሄን ካነበባችሁ ቢያንስ በየወረዳው ለድብደባ የመጣች ሴት አንዴ ተናግራ ምትጨርስበት አንድ ክፍል፣ ቢቻል ሴት መርማሪ፣ ሌሊትም ሚከፈት አድርጉልን። ህንፃ አልጠየቅንም፣ አንድ ክፍልና ሚቆለፍ በር ነው።

ወንዶችም፣ ማትመቱት ብዙዎች ናችሁ እናንተን ነው ምለው፣ ዝም አትበሉ። ጓደኛችሁ ጠጅ ቤት ቁጭ ብሎ ትናንት ልኳን አሳየኋት ሲል ሁሉም ይስቃል። አንድ ሰው ብርጭቆውን አስቀምጦ ይሄ ነውር ነው፣ ከደገምከው እኔ ራሴ ነኝ ምመሰክርብህ ቢለው፣ እመኑኝ ከእኔ አስር ምክር እሱ ይበልጣል። እቁብ ላይ፣ ማህበር ላይ፣ ደቦ ላይ እንደዚህ ያለው ሰው እንደ ደህና ሰው ከፊት አይቀመጥ። ጩኸት ስትሰሙ ሌሊት በሩን አንኳኩ፣ ከሶስት አራት ሆናችሁ ሂዱ፣ ክብሪት ስጡን ብላችሁም ቢሆን አንኳኩ፣ ብዙ ጊዜ ሰው መጣ ሲባል ያቆማል።

ለእናንተ ለጋዜጠኞቹ ደግሞ ያለኝ ጥያቄ ይሄ ነው። አንድ ሰው ሚስቱን ገደለ ሚል ዜና ስታወጡ ብዙ ጊዜ በቅናት ተነሳስቶ፣ በመካከላቸው በተፈጠረ አለመግባባት ብላችሁ በሁለት መስመር ትጨርሱታላችሁ። ሂዱና ጠይቁ። ከዛ በፊት ስንት ጊዜ ተደብድባ ነበር፣ የትኛው ቢሮ ሄዳ ነበር፣ ማን መለሳት፣ ሽምግልናው ስንት ጊዜ ተቀመጠ፣ አቤቱታዋን ማን አስነሳት። ከዛም ዜናውን አንዴ አውጥታችሁ አትተዉት፣ ችሎቱ ላይ ተቀመጡ፣ ምን ያህል እንደተፈረደበት፣ ስንት አመት እንደታሰረ፣ በአመክሮ መቼ እንደወጣ፣ ልጆቹ ማን ጋ እንዳሉ ፃፉልን። ደብረ ብርሃን ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ችሎቱ ብዙ ጊዜ ለሕዝብ ክፍት ነው። ወኪላችሁን ላኩ፣ እኔም ያለኝን ሙያዊ ማብራሪያ ስልኬን ለእናንተ ብቻ ስለላክሁላችሁ ደውላችሁ ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ።

አክባሪያችሁ
ነርስ ነኝ፣ ከሰሜን ሸዋ